አሮጌ ኮምፒውተርን ማፍጠን፦ የፕሮሰሰር ሙቀት ስንት ሲደርስ ያሰጋል?

የቤት ኮምፒውተር ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያስመርረው ዝግታው ነው። ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ አንድ አጭር ቪዲዮ ለማቀናበር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። አዲስ መግዛት በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ወይም በጂቡቲ ለብዙ ቤተሰብ የረጅም ጊዜ ቁጠባ ይጠይቃል። በመሆኑም ያለውን ማሽን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማሠራት በተለይ ወጣቶችን ያጓጓል።

ይህ አሠራር ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። በኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ማለትም በባዮስ ውስጥ ገብቶ የፕሮሰሰሩን የፍጥነት ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዕቃ መግዛትም ግድ አይደለም። የሚያስከትለው ግን ሙቀት ነው። የተጨመረው ሙቀት በአግባቡ ካልተወገደ የቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር፣ በውስጡ ካሉት የትምህርት ጽሑፎችና የቤተሰብ ፎቶግራፎች ጋር ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ዲግሪ ድረስ ያለ ስጋት ማሠራት ይቻላል?” የሚል ነው። መልሱ እንደሚጠየቀው ሰው ይለያያል። አንዱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም ይላል፤ ሌላው እስከ 98 ምንም አይደለም ብሎ ይከራከራል። የሚገርመው፣ ስለ አንድ ፕሮሰሰር እየተናገሩ ሁለቱም ቁጥራቸውን ከአምራቹ ሰነድ ማምጣት መቻላቸው ነው።

አንድ ፕሮሰሰር፣ ሁለት ቁጥር

ኢንቴል እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2011 መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ኮር አይ5-2500ኬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍጥነት ለመጨመር ከተመረጡት ፕሮሰሰሮች ሁሉ እጅግ ከተወደዱት አንዱ ሲሆን ዛሬም በየቤቱ ሲሠራ ይገኛል። መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። በስሙ መጨረሻ ያለችው “ኬ” ፍጥነቱን የሚወስነው ማባዣ እንዳልተቆለፈ ታመለክታለች።

በአምራቹ መግለጫ ላይ ለዚህ ፕሮሰሰር የተቀመጠው የሙቀት ገደብ 72.6 ዲግሪ ነው። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምረው በውስጡ ያለው ሴንሰር 98 ዲግሪ ሲያነብ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም፤ የሚለኩት የተለያየ ቦታ ነው። የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩን የብረት ክዳን መሃል ይመለከታል። ሁለተኛው ደግሞ ስሌቱ በሚካሄድበት የሲሊከን እምብርት ያለውን ሙቀት ነው። ከምጣድ ሥር የሚነድደው እሳትና የምጣዱ ገጽ እኩል እንደማይሞቁ ሁሉ፣ እምብርቱም ከክዳኑ ይበልጥ ይሞቃል።

በቤት ውስጥ የክዳኑን ሙቀት በትክክል መለካት የሚችል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ በመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ላይ የሚታየው የእምብርቱ ሙቀት ነው። ያንን ቁጥር ከ72.6 ጋር እያነጻጸሩ መደናገጥ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው። 98ን እንደ ግብ መቁጠር ደግሞ ከዚያ የባሰ ስህተት ነው፤ 98 ፕሮሰሰሩ የድረሱልኝ ጩኸት የሚያሰማበት ነጥብ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲውልበት የታሰበ ቦታ አይደለም።

ሴንሰሩም ቢሆን እንደ ሐኪም ቴርሞሜትር የሚታመን አይደለም። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች የተሠራበት ዓላማ ከከፍተኛው ገደብ ምን ያህል ርቀት እንደቀረ ለመቁጠር ነው። ወደ ገደቡ ሲጠጋ ንባቡ ይስተካከላል፤ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቀዘቅዝ ግን ይዛባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ በተቀመጠበት ሰዓት አንዱ እምብርት 32 ሌላው 39 ዲግሪ ቢያሳዩ የሚያሳስብ ነገር የለም።

በኤኤምዲ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ግራ ያጋባል። በ2012 የወጣው ኤፍኤክስ-8350 ገደቡ 61 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኢንቴሉ 98 ጋር ሲተያይ ደካማ ቢመስልም፣ የዚያ ዘመን የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሚያወጡት ቁጥር ማራገቢያውን ለመቆጣጠር የተቀመረ ልክ እንጂ ትክክለኛ የሙቀት መጠን አልነበረም። በዚህም ምክንያት ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ መስሎ ይታያል፤ ይህ በማራገቢያ ለሚቀዘቅዝ ማንኛውም ዕቃ የማይቻል ነው። የአንዱን ኩባንያ ቁጥር ይዞ በሌላው መፍረድ አያስኬድም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በፕሮሰሰር ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮች በበሩና በጠፉ ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሰከንድ የሚበሩበት ጊዜ ሲበዛ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ፍጥነቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ግን ፕሮሰሰሩ ሳይሳሳት መቁጠር እንዲችል ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አያድግም፣ ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው የሚያድገው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ኮር አይ5-2500ኬ ከ3.3 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ከፍ ቢልና ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ቢጨመር፣ የፍጥነቱ ጭማሪ 36 በመቶ ገደማ፣ የቮልቴጁ ደግሞ 12.5 በመቶ ነው። የሚወጣው ሙቀት ግን በስሌት 73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለ95 ዋት የታሰበው ማቀዝቀዣ ወደ 164 ዋት የሚጠጋ ሙቀት እንዲሸከም ተፈረደበት ማለት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ትንሽ ማራገቢያ ይህን አይችልም።

ሌላም ጣጣ አለ። ሲሊከን ሲሞቅ፣ ጠፍተው መቀመጥ በሚገባቸው ትራንዚስተሮች በኩል ሳይቀር ኤሌክትሪክ ይሾልካል። ሹልክታው ሙቀት ይጨምራል፣ ሙቀቱም ሹልክታውን ያብሳል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ነገሩ ይህን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ 300 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ነበር። የማዘርቦርዱን የመገናኛ መስመር ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ የቀየረ ሰው 450 ሜጋኸርዝ ያገኝ ነበር። ያም እጥፍ ዋጋና ከዚያም በላይ ከሚያወጡ ፕሮሰሰሮች ጋር አስተካከለው። የቤት ውስጥ ኦቨርክሎኪንግ እንደ ባህል የተስፋፋው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ “በነጻ የሚገኝ ፍጥነት” የሚለው ስሜትም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ይቃጠላል ወይስ ያረጃል?

በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተሰኘው የቴክኖሎጂ መጽሔት ኮምፒውተሮች እየሠሩ ሳለ የፕሮሰሰሮቻቸውን ማቀዝቀዣ ነቅሎ የሚሆነውን በቪዲዮ ቀረጸ። የኤኤምዲው አትሎን በሰከንዶች ውስጥ ጭሶ ሞተ። የኢንቴል ፔንቲየም 3 ሥራውን አቆመ፣ ነገር ግን አልተበላሸም። ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን እጅግ ቀንሶ ሲያስኬድ የነበረውን ጨዋታ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ሲሞቁ ራሳቸውን የሚያዘገዩበት፣ ከባሰም ኮምፒውተሩን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው። በመሆኑም የ2007ም ሆነ የ2011 ፕሮሰሰር በሙቀት ብቻ በድንገት መቃጠሉ ብርቅ ነው።

አደጋው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የብረት ሽቦዎች ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ በመሆናቸው፣ በውስጣቸው የሚጎርፉት ኤሌክትሮኖች የብረቱን አተሞች እየገፉ ከቦታቸው ያንቀሳቅሷቸዋል። ከጊዜ በኋላ ሽቦው አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላ ቦታ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል ወይም ከጎረቤቱ ጋር ይነካካል። የሞቶሮላው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ቀመር እንዳሳየው፣ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲበዛና ሙቀቱ ሲጨምር ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። መሐንዲሶች በግርድፉ “በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል” የሚል ልማዳዊ ልክ ይጠቀማሉ። ልኩ ለሁሉም ክፍል እኩል ባይሠራም፣ 70 እና 90 ዲግሪ ለምን አንድ እንዳልሆኑ ለመረዳት ይበቃል።

ለተጠቃሚው ከዕድሜ ማጠር ይልቅ ቶሎ የሚሰማው ግን ስህተት ነው። ከመጠን በላይ የፈጠነና የሞቀ ፕሮሰሰር አንዳንዴ በዝምታ ይሳሳታል፤ ማሽኑ ሳይዘጋ የተቀመጠ ፋይል ይበላሻል። ሰማያዊው የስህተት ገጽ ቢመጣ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ችግር መኖሩን ይናገራል። ማስተካከያውን የሚነካ ሰው አስፈላጊ ፋይሎቹን አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ የሚኖርበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለየትውልዱ የሚበጅ ጣሪያ

በ2007 የወጣው ኮር 2 ኳድ ኪው6600 በመደበኛው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ የመገናኛ መስመሩን ከ266 ወደ 333 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ 3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ሆኖም በዚህ ስም ሁለት ዓይነት ምርት ተሽጧል። ቢ3 የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት የክዳን ሙቀት ገደቡ 62.2 ዲግሪ ነው፤ በዚያው ዓመት የተከተለው ጂ0 ደግሞ 71። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ለዚህ ትውልድ፣ በሙሉ ጫና ሥር በፕሮግራም የሚነበበው የእምብርት ሙቀት ከ70 ዲግሪ እንዳያልፍ ማድረግ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ልክ ነው፤ ለቢ3 ከዚያም ዝቅ ቢል ይመረጣል።

ለሁለተኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ለ2500ኬ እና ለታላቁ ወንድሙ 2600ኬ፣ 80 ዲግሪ ምክንያታዊ ጣሪያ ነው፤ ቮልቴጁም ከ1.35 ገደማ ባያልፍ ይመከራል። በ2012 የተከተለው ሦስተኛው ትውልድ ይበልጥ ይሞቃል። ኢንቴል በሲሊከኑና በክዳኑ መካከል ሲጠቀምበት የነበረውን ብየዳ ትቶ በሙቀት አስተላላፊ ቅባት ስለተካው፣ ሙቀቱ እንደ በፊቱ ቶሎ አይወጣም። ራሱን የሚያዘገይበት ገደብ ወደ 105 ከፍ ማለቱ ግን ተጨማሪ 7 ዲግሪ የማባከን ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ለኤፍኤክስ-8350 ደግሞ ንባቡ ከ60 በታች መቆየት አለበት።

ቁጥሮቹ ሁሉ የሚያገለግሉት ማስተካከያው ለተከፈተላቸው ማሽኖች ነው። በክልሉ ገበያዎች በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው። የእነዚህ ባዮስ ፍጥነትና ቮልቴጅ ለመቀየር አይፈቅድም፤ የፕሮሰሰሩ ስም በ“ኬ” ቢጨርስ እንኳ።

ከፕሮሰሰሩ በፊት የሚሞቱት

ስለ ፕሮሰሰሩ ሲጨነቁ የሚረሳው በዙሪያው ያለው ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ፕሮሰሰሩ አይደለም።

በማዘርቦርዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ኤሌክትሪኩን መጥነው የሚያቀርቡ ክፍሎች አሉ። ፕሮሰሰሩ 164 ዋት ሲጠይቅ ያንን የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። በርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ የራሳቸው ማቀዝቀዣ ብረት እንኳ የላቸውም፤ በብዙ ማሽኖችም ሙቀታቸውን የሚያሳይ ሴንሰር የለም። የተለመደው የፋብሪካ ማራገቢያ ወደ ታች ስለሚነፍስ ሳይታሰብ እነሱንም ያቀዘቅዛል። ባለቤቱ የተሻለ ነው ብሎ ወደ ጎን የሚነፍስ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሲገጥም የፕሮሰሰሩ ቁጥር ይወርዳል፤ እነዚህ ግን ነፋሳቸውን ያጣሉ።

በዚያው አካባቢ ያሉት ትናንሽ በርሜል የመሰሉ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ አላቸው። ሲሞቁ ፈሳሹ ይደርቃል፤ ለእነሱ የ10 ዲግሪው ልክ በእርግጥም ይሠራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረቱ በርካታ ማዘርቦርዶች ካፓሲተሮቻቸው ጥራት ስላልነበራቸው ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ጠፍጣፋ መሆን የሚገባው አናታቸው አብጦ ወይም ቡናማ ፈሳሽ አንጠባጥቦ ከታየ ያ ማሽን ፍጥነት ሊጨመርለት አይገባም። ፓወር ሰፕላዩም አብሮ አርጅቷል፤ መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ከኖረ ደግሞ ከዕድሜው በላይ ደክሟል።

ደጋና ቆላ

በአውሮፓ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተገኘ ቁጥር ለምሥራቅ አፍሪካ እንዳለ አይሠራም። ክፍሉ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፕሮሰሰሩም በ1 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በ20 ዲግሪ ክፍል 68 የሚያሳይ ማሽን የክፍሉ ሙቀት 38 ሲደርስ ወደ 86 ይወጣል። በጂቡቲ፣ በሰመራ ወይም በምጽዋ በጋ ይህ የተለመደ ሙቀት ነው። በሌሊት ብርድ የተሞከረ ማስተካከያ በቀን ሊከሽፍ የሚችለውም ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ብትሆንም ሌላ ዕዳ አለባት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ያካክሳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። አቧራው ሲጨመርበት በማቀዝቀዣው ብረት ስንጥቆች መካከል የሚያልፈው ነፋስ ጭራሽ ይታፈናል።

ስለዚህ ፍጥነት ከመጨመር በፊት የሚቀድመው ጽዳት ነው። ከዓመታት በኋላ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት እንደ ጭቃ ደርቆ ይገኛል፤ አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ የአተር ፍሬ በምታህል አዲስ ቅባት መተካት ብቻውን ሙቀቱን በግልጽ ሊያወርድ ይችላል። የኢንቴል የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን የሚይዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። ከአራቱ አንዱ በደንብ ሳይገባ መቅረቱ እጅግ የተለመደ ስህተት ነው። ማሽኑ በመደበኛ ፍጥነቱ እያለ 90 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ እግሮች ናቸው።

ከዚያ ፕራይም95ን የመሰለ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት ይከፈታል፤ ፕራይም95 በመጀመሪያ የተሠራው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ ነበር። ከዕለት ተዕለት ሥራ በላይ ስለሚያሞቅ፣ በእሱ ሥር ከጣሪያው በታች የቆየ ማሽን በሌላ ሥራ አያስፈራም። ፍጥነቱ የሚጨመረው በትንሽ በትንሹ፣ በየደረጃው ሙቀቱ እየታየ ነው። ማሽኑ ሲሳሳት ወዲያው ቮልቴጅ መጨመር ይቀናል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከጣሪያው አጠገብ ከደረሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ይበልጣል። ከ4.4 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ የሚገኘው ጥቅም ከሁለት ተኩል በመቶ አይበልጥም፤ ማንም ተጠቃሚ ያለ መለኪያ ሊለየው አይችልም።

እንዲያውም ዝግታው የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ላይሆን ይችላል። ለመነሳት ደቂቃዎች የሚፈጅ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የሚሽከረከረውን ዲስኩን ነው። ያንን በኤስኤስዲ መተካት፣ ካነሰም ራም መጨመር፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ሙቀት ከማንኛውም ኦቨርክሎኪንግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ፍጥነት መጨመር በእርግጥ የሚጠቅመው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ከባድ ስሌት ለሚያሠራ ወይም ፕሮሰሰሩን የሚፈትኑ ጨዋታዎችን ለሚጫወት ሰው ነው።

በቆላ ለሚኖር ደግሞ ያው ማስተካከያ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ፍጥነቱን በመደበኛው ትቶ ቮልቴጁን ጥቂት በጥቂት መቀነስ ይቻላል። ብዙ ፕሮሰሰሮች ፋብሪካው ለጥንቃቄ ከሰጣቸው ባነሰ ቮልቴጅ ሳይሳሳቱ ይሠራሉ፤ ሙቀቱም፣ የማራገቢያው ጩኸትም ይቀንሳል። ለኦቨርክሎኪንግ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ከአንድ በላይ ማስተካከያ በስም ለይተው ስለሚያስቀምጡ፣ አንዱን ለቀዝቃዛው ወቅት፣ ሌላውን ለሐሩሩ አዘጋጅቶ በየወቅቱ መቀያየር ይቻላል።